ያ አበባ ለምን ቀለሙ ተለየ?

እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ በዛፍ ጥላ ስር የሚበቅሉ የዱር አበቦች አልፎ አልፎ ለምን ከወገኖቻቸው የተለየ ቀለም ይዘው ብቅ እንደሚሉ። እንዲህ ዓይነት አትክልት የሚንከባከብ ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ ይገጥመዋል። ሐምራዊ ብቻ በሆነ መደብ ውስጥ አንዲት ነጭ ትወጣለች። ወይም በነጮቹ መሃል አንዷ ሮዝ ትሆናለች። ወይም ደግሞ ነጩ አበባ መሃል ለመሃል አረንጓዴ መስመር ይዞ ይፈነዳል። ልብ ይደልቃል፣ ስልክ ከኪስ ይወጣል፣ ፎቶው ይነሳል፣ ከዚያ ወዲያው "አዲስ ዝርያ አገኘሁ" ይባላል።

ደስታው ይገባኛል። እኔም እንዲህ ያለ አበባ ሳይ ሌላው ሁሉ ይረሳኛል። ግን "ምን አገኘሁ?" ከማለታችን በፊት "ምን ሆኖ ነው?" ብለን ብንጠይቅ ይሻላል። አንድ ዓይነት ሮዝ ቀለም ከእርጅና ሊመጣ ይችላል፣ ከብርድ ሊመጣ ይችላል፣ ከተበላሸ ጂን፣ ከሌላ ዝርያ ጋር ከመዳቀልም ጭምር። አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ በሽታም ሊሆን ይችላል። ማድረግ ያለባችሁ ነገር እንደ ምክንያቱ ይለያያል። አንዱን ዝም ብላችሁ ታዩታላችሁ፣ የአንዱን ዘር ትለቅማላችሁ፣ አንዱን ደግሞ ከነሥሩ ነቅላችሁ ታስወግዳላችሁ።

መጀመሪያ ቀለሙ ከየት እንደሚመጣ እንይ። አበባ የሚቀባው በጥቂት የኬሚካል ቤተሰቦች ነው። ቢጫና ብርቱካናማ አብዛኛውን ጊዜ ካሮቲኖይድ ነው። ቀይ፣ ሮዝ፣ ሐምራዊና ሰማያዊ በብዛት የአንቶሲያኒን ሥራ ነው። አረንጓዴው ክሎሮፊል ነው። ነጭስ? ነጭ ቀለም የሚባል ነገር አበባው ውስጥ የለም። በአበባው ቅጠል ህዋሳት መካከል ያለው አየር ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትነው ነው ነጭ ሆኖ የሚታየን። አንድ ነጭ የአበባ ቅጠል በሁለት ጣታችሁ መሃል ይዛችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ጨምቁት። አየሩ ይወጣል፣ የተጨመቀውም ቦታ ብርሃን አሳላፊ ይሆናል፤ ነጭነቱ እዚያው ጣታችሁ ላይ ይጠፋል። አንዴ ብትሞክሩት ነጭ አበባን እንደ ድሮው አታዩትም።

ነጭ አበባ ባዶ ነው ማለት ግን አይደለም። ብዙዎቹ ፍላቮኖል የሚባሉ፣ ለእኛ ዓይን የማይታዩ ውህዶች አሏቸው። እነዚህ አልትራቫዮሌት ብርሃንን ይመጥጣሉ። ንብ ደግሞ አልትራቫዮሌትን ታያለች፣ ቀይን ግን እንደ እኛ አታይም። ስለዚህ እኛ "ነጭ" ብለን የምናልፈው አበባ ለንብ የራሱ ቀለም ያለው ነው። ይህን የማነሳው ለኋላ ስለሚያስፈልገን ነው፤ አበባው የሚቀባው ለእኛ ብሎ አይደለም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ተጠርጣሪ እንሂድ፤ ዕድሜ።

በምሥራቅ ሰሜን አሜሪካ ጫካዎች የሚበቅል ትልቁ ነጭ ትሪሊየም አለ። ሦስት ቅጠል፣ ሦስት የአበባ ቅጠል፣ ሁሉ ነገሩ በሦስት በሦስት ነው። የካናዳዋ ኦንታሪዮ ከ1937 ጀምሮ ምልክቷ አድርጋዋለች። ይህ አበባ ሲፈነዳ ጥርት ያለ ነጭ ነው። ቀናት ሲያልፉ ግን እየቀላ ሄዶ በስተመጨረሻ ሮዝ ይሆናል። መደቡ ውስጥ ግማሹ ቀድሞ፣ ግማሹ ዘግይቶ ስለሚፈነዳ ነጭና ሮዝ ጎን ለጎን ቆመው ታያላችሁ፤ የማያውቅ ሰው ሁለት ዓይነት ተክል ነው ብሎ ይምላል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሮዝ ሆኖ የሚፈነዳ ትሪሊየምም በእርግጥ አለ። በቨርጂኒያ ብሉ ሪጅ ተራሮች ይታወቃል። እና እንዴት ይለያሉ? ቀላል ነው። አበባው ውስጥ ተመልከቱ። የአበባ ዱቄት ተሸካሚዎቹ ትኩስ፣ ቢጫና ዱቄታቸው ያልረገፈ ሆኖ አበባው ሮዝ ከሆነ፣ ነገሩ ቁም ነገር አለው። ደርቀውና ተጨማድደው ከሆነ ግን አበባው አርጅቷል፣ በቃ። ከሁሉም የሚሻለው እምቡጡ ሊከፈት ሲል መድረስ ነው።

ፑልሞናሪያ ደግሞ በተቃራኒው ነው የሚሄደው። በአውሮፓ ጫካዎች ጥላ ስር የሚኖር አጭር ተክል ነው። ሲፈነዳ ሮዝ፣ ሲያረጅ ሰማያዊ። አንድ ግንድ ላይ ሁለቱም ስላሉ ሰው ግራ ይጋባል። የሰሜን አሜሪካው ቨርጂኒያ መርቴንሲያም እምቡጡ ሮዝ፣ አበባው ሰማያዊ ነው። ፑልሞናሪያ ላይ የተደረገ ጥናት ያሳየው ነገር ደስ ይላል። ወለላ ያለውና ለመራባት ዝግጁ የሆነው ሮዙ አበባ ነው። ሰማያዊው ሥራውን ጨርሷል። ታዲያ ለምን አይረግፍም? ከሩቅ ለምትመጣ ንብ ብዙ አበባ ያለበት ተክል ጎልቶ ይታያል። ቅርብ ስትደርስ ግን የሚጠቅማትን ሮዙን ትመርጣለች። አሮጌው አበባ ለወጣቱ ማስታወቂያ ሆኖ ይቆያል ማለት ነው። እንዲህ ቀለም የሚቀይሩ አበቦች ከ70 በላይ በሆኑ የዕፅዋት ቤተሰቦች ውስጥ ተገኝተዋል፤ እንግዲህ ብርቅ ነገር አይደለም።

ብርቁ የቱ መሰላችሁ? የማይለወጠው። እስከ መጨረሻው ሮዝ ሆኖ የቀረ መርቴንሲያ ወይም ከእምቡጡ ጀምሮ ነጭ የሆነ ካገኛችሁ፣ ያን ጊዜ ቁሙና ደህና አድርጋችሁ እዩት።

ከሮዝ ወደ ሰማያዊ የሚያሸጋግረው ምንድን ነው? አንቶሲያኒን አሲዳማ በሆነ ቦታ ወደ ቀይ፣ አሲድ በቀነሰበት ወደ ሰማያዊ ያደላል። ይህን ጫካ ውስጥ በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። በአውሮፓ ጫካዎች የዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ከምረው ትልልቅ ጎጆ የሚሠሩ ቀይ ጉንዳኖች አሉ። ሰማያዊ ብሉቤል አበባ ይዛችሁ ጎጆው ላይ ብታስጠጉት ጉንዳኖቹ ተቆጥተው ፎርሚክ አሲድ ይረጩበታል። ወዲያው አሲዱ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ሮዝ ነጠብጣብ ይሆናል። ያው አበባ፣ ያው ቀለም፣ የተለወጠው አሲዱ ብቻ ነው።

ጀርመናዊው ኬሚስት ሪቻርድ ቪልሽቴተር ኮርንፍላወር ከሚባል ሰማያዊ አበባና ከቀይ ጽጌረዳ ያወጣው አንቶሲያኒን አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘው፤ ሲያኒን ይባላል። በዕፅዋት ቀለሞች ላይ በሠራው ሥራ በ1915 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ። ልዩነቱ የአሲድ መጠን ነው አለ። ነገሩ ግን በዚያ ብቻ አላለቀም። በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች የዚያን ሰማያዊ አበባ ቀለም አወቃቀር በኤክስሬይ ሲያዩት ሰማያዊው የሚመጣው ቀለሙ ከብረት፣ ከማግኒዚየምና ከካልሲየም ጋር ተሳስሮ እንደሆነ ታወቀ። በሌላ በኩል አሲዱ ብቻውን የሚበቃበት አበባም አለ። ሰማያዊ የማለዳ አበባ ሲፈነዳ በህዋሳቱ ውስጥ ያለው ፒኤች (የአሲድ መለኪያ ነው፤ ከፍ ሲል አሲዱ ቀነሰ ማለት ነው) ከ6.6 ወደ 7.7 ከፍ ይላል፤ ሐምራዊ ያዘለው እምቡጥ በዚያ ብቻ ሰማያዊ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገርና ልለፍ። "አፈሩን አሲዳማ አድርገው፣ አበባው ቀለም ይቀይራል" የሚል ምክር በየቦታው አለ። ለሃይድሬንጃ እውነት ነው፤ አሲዳማ አፈር አሉሚኒየም ስለሚለቅላት ሰማያዊ ትሆናለች። ያንን ይዞ ወደ ሁሉም አበባ መሄድ ግን ስህተት ነው። ከላይ ያወራነው አሲድ ያለው በአበባው ህዋስ ውስጥ ነው፣ ተክሉም ራሱ ነው የሚቆጣጠረው። በዱር አበቦቻችሁ አፈር ላይ ኮምጣጤም ኖራም አትድፉ። እባካችሁ።

ብርድም የራሱ ድርሻ አለው። ቀዝቃዛ አየርና ጠንከር ያለ ብርሃን ብዙ ተክሎች አንቶሲያኒን እንዲያመርቱ ይገፋፋሉ። ነጭ የጫካ አኔሞኔ በብርዳማ ሰሞን ከጀርባዋ ሮዝ ብታዘል አይግረማችሁ። በሚቀጥለው ዓመት አየሩ ሲሞቅ እንደገና ነጭ ልትሆን ትችላለች። አንድ ዓመት ታይቶ ለጠፋ ቀለም ስም ማውጣት ዋጋ የለውም።

እሺ፣ ዕድሜም አይደለም፣ ብርድም አይደለም፣ ተክሉ በየዓመቱ ያንኑ ቀለም ይዞ ይመጣል እንበል። አሁን ጂኑን እንጠርጥር። አንቶሲያኒን በአንድ ጊዜ አይሠራም። ኢንዛይሞች በቅደም ተከተል ይሠሩታል፤ እሳት ለማጥፋት ባልዲ እየተቀባበለ እንደሚቆም የሰው ሰልፍ አስቡት። ከመሃል አንዱ ሰው እጁን ካጠፈ ውሃው እሳቱ ጋ አይደርስም። በአበባም አንዱ ኢንዛይም ከጎደለ ቀለሙ አይደርስም፣ አበባው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሰማያዊና ሐምራዊ አበቦች መካከል ነጭ ማግኘት ከሁሉም የተለመደው ለዚህ ነው። ያለውን ማበላሸት ቀላል ነው። የሌለውን መፍጠር ከባድ ነው። ከነጭ አበቦች መካከል ድንገት ሰማያዊ ሲወጣ ግን ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ሰልፉ የት ጋ እንደተቋረጠ ለመገመት ላቦራቶሪ የግድ አይደለም። ግንዱን እዩ። ዲጂታሊስ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ የልብ መድኃኒት የሚወጣለት፣ በጫካ ጠርዝ የሚበቅለው ረጅሙ ሐምራዊ አበባ። ብዙውን ጊዜ የሐምራዊው ግንድና የቅጠሉ እግር ሐምራዊ ጥላ አለበት። ነጩ ግን ብዙውን ጊዜ ከታች እስከ ላይ አረንጓዴ ነው። ይህ ማለት ቀለም ማምረቻው በመላው ተክል ቆሟል። አበባው ነጭ ሆኖ ግንዱ ላይ ሐምራዊ ካያችሁ ደግሞ ማምረቻው ደህና ነው፤ አበባው ላይ ብቻ ነው ትእዛዙ ያልደረሰው። አበባው ሳይፈነዳ ችግኝ ላይ እንኳ ይህን ማየት ይቻላል። ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ነጩን ከነጩ ብናዳቅል ሁልጊዜ ነጭ ይወጣል? እንግሊዛውያኑ ዊልያም ቤትሰንና ሬጂናልድ ፑኔት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በአበባ አተር ይህን ሞከሩ። ሁለት ነጭ ዝርያዎችን አዳቀሉ። የወጡት ልጆች በሙሉ ሐምራዊ ሆኑ! አንዱ ነጭ ሰልፉ መጀመሪያ ላይ፣ ሌላው ሌላ ቦታ ላይ ነበር የተቋረጠው፤ ሲዳቀሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ሞላ። ቀጣዩ ትውልድ ደግሞ 9 ሐምራዊ ለ7 ነጭ በሚጠጋ ድርሻ ተከፈለ። ስለዚህ ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች ነጭ ተክል አምጥታችሁ አንድ መደብ ላይ ካስቀመጣችሁ በኋላ ሐምራዊ ቢወጣ፣ ሻጩ አታለለኝ ብላችሁ ለመቆጣት አትቸኩሉ።

አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ወይም የአንድ አበባ ግማሽ ብቻ ቀለሙ የተለየ ከሆነስ? ተክሉ ካደገ በኋላ ከህዋሳቱ በአንዱ ላይ የደረሰ ለውጥ ሊሆን ይችላል። ያምራል፤ በዘር ግን አብዛኛውን ጊዜ አይተላለፍም። ነጠብጣብና ጭረት የሞላባቸው አበቦች አንዳንዶቹ ደግሞ በጂን ውስጥ ከቦታ ቦታ የሚዘሉ ቁራጮች ውጤት ናቸው፤ ባርባራ ማክሊንቶክ በበቆሎ ላይ አግኝታቸው በ1983 ኖቤል የተሸለመችባቸው ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ የምሰማው ጥያቄ ይህ ነው። ነጩ ችግር ያለበት ከሆነ ለምን ጨርሶ አይጠፋም? ሐምራዊው የሚሻል ከሆነስ ለምን ሁሉንም አይሸፍንም? በዚህ ላይ ክሌይቶኒያ የምትባል ትንሽ የጫካ አበባን የሚያህል አስተማሪ የለም። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በፀደይ መጀመሪያ፣ ዛፎቹ ቅጠል ሳያወጡ በፊት ትፈነዳለች። አንድ ጫካ ውስጥ ከነጭ እስከ ደማቅ ሮዝ ድረስ ታገኟታላችሁ። ንቦችና ሌሎች አዳቃዮች ወደ ቀላ ወዳለችው ያዘነብላሉ። ቅርፊት የለሽ ቀንድ አውጣ ደግሞ ነጯን እምብዛም አይደፍራትም፤ ፍላቮኖል ስላላት አትጥመውም። ቅድም ለዓይናችን የማይታይ ያልኩት ውህድ ማለት ነው። ቀይዋ ጎብኚ ታገኛለች፣ ነጯ ከመበላት ትተርፋለች። ማንም ሙሉ በሙሉ አያሸንፍም። በብዛት የምታገኙት መሃል ያለችውን ሮዝ ነው። በእኔ እምነት እንዲህ ዓይነቱን መደብ "ለማስተካከል" ብሎ አንዱን ቀለም ለቅሞ ማውጣት ትልቅ ጥፋት ነው።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ መዳቀል ነው። የብሪታንያ ጫካ በፀደይ በብሉቤል ሰማያዊ ምንጣፍ ይሸፈናል። እዚያ ውስጥ አልፎ አልፎ ነጭ ይወጣል፣ ይህ የአገሩ ተክል የራሱ ለውጥ ሊሆን ይችላል። ሮዝና ፈዛዛ ሰማያዊ ሲበዛ ግን የስፔን ብሉቤል ደም ገብቷል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። የስፔኑ ለአትክልት ተብሎ መጥቶ አጥር ዘልሎ የወጣ ነው። ለመለየት ቀለሙን ተዉትና ሌላውን ተመልከቱ። የአገሩ ተክል ግንዱ ጫፉ ላይ ጎንበስ ይላል፣ አበቦቹም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላሉ፣ የአበባ ዱቄቱ ክሬም የሚመስል ነጭ ነው፣ ሽታውም ደስ ይላል። የስፔኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አበባው በዙሪያው ነው፣ የአበባ ዱቄቱ ብዙውን ጊዜ ወደ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ያደላል። ዲቃላዎቹ በሁለቱ መሃል ናቸው። ጫካ አጠገብ የምትኖሩ ከሆነ ዲቃላዋ ምንም ብታምር አታባዟት።

አሁን ወደሚያሳዝነው ክፍል ደረስን።

ነጩ ትሪሊየም አንዳንዴ አረንጓዴ መስመር ይዞ ይወጣል። መጀመሪያ ዓመት መሃል ላይ ቀጭን መስመር ነው፣ ዙሪያው ነጭ ጠርዝ አለው። እውነቱን ለመናገር እጅግ ያምራል። ሰዎች ለዓመታት እንደ ልዩ ዓይነት ሰብስበውታል፣ ስምም አውጥተውለታል። መንስኤው ግን ፋይቶፕላዝማ የሚባል በሽታ ነው። ፋይቶፕላዝማ ግድግዳ የሌለው ጥቃቅን ባክቴሪያ ሲሆን፣ ምግብ በሚያመላልሰው የተክሉ ሥርዓት ውስጥ ይኖራል፣ የተክል ጭማቂ የሚመጥጡ ነፍሳት ናቸው ከተክል ወደ ተክል የሚያደርሱት። እስከ 1967 ድረስ እንዲህ ያሉ በሽታዎች ከቫይረስ ነው የሚመጡት ይባል ነበር፤ የጃፓን ተመራማሪዎች ናቸው በዚያ ዓመት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሌላ ነገር መሆኑን ያሳዩት። የሚሠራው ነገር ይገርማል። አበባ እንዲሠራ የሚያዙትን ፕሮቲኖች የሚያፈርስ የራሱ ፕሮቲን አለው፤ ያን ጊዜ የአበባው ቅጠል አበባ መሆኑ ይቀርና ወደ ተራ ቅጠልነት ይመለሳል። መስመሩ ከዓመት ዓመት እየሰፋ ይሄዳል፣ ቅርጹ ይጣመማል፣ ተክሉ ይደክማል።

ይህን የሚያህል ውብ ነገር ንቀሉት ማለት ይከብደኛል። ግን ንቀሉት። መድኃኒት የለውም፣ ጎረቤቱ ላሉት ጤነኛ ተክሎችም ስጋት ነው። ብስባሽ ክምር ላይ አትጣሉት፤ በከረጢት አስራችሁ አስወግዱት።

ውበት ከበሽታ ሲመጣ የመጀመሪያው አይደለም። ኔዘርላንድ ውስጥ ሰውን ያሳበደው፣ በ1637 ገበያው የተንኮታኮተው የቱሊፕ ንግድ ከሁሉም በላይ የሚያከብረው ነጭ ላይ ቀይ ነበልባል የመሰለ ጭረት ያለባቸውን ነበር። ጭረቱን የሚያመጣው ክሽክሽ የሚያስተላልፈው ቫይረስ ነው። ይህም በሽታ መሆኑን ዶሮቲ ኬይሊ በ1928 ያረጋገጠችው የታመመውን ሥር ከጤነኛው ጋር በማጣበቅ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ሰው በወርቅ የገዛው ቀስ በቀስ የሚዳከም ተክል ነበር።

ግን ደግሞ አረንጓዴ ሁሉ ታማሚ አይደለም። ቪሬሰንስ የምትባል የጫካ አኔሞኔ አለች፤ አበባዋ በሙሉ ወደ ተሸነሸነ አረንጓዴ ቅጠል ተቀይሮ በየዓመቱ ሳይለወጥ፣ ሳይደክም ይመጣል። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ጤነኛው ለውጥ ከዓመት ዓመት አንድ ዓይነት ነው፣ በአንድ ተክል ላይ ያሉት አበቦች ሁሉ ይመሳሰላሉ። በሽታው ግን ዥንጉርጉር ነው፤ አንዱ አበባ ብዙ፣ አንዱ ትንሽ አረንጓዴ ይኖረዋል፣ በሚቀጥለው ዓመት ይብሳል። ጥርጣሬ ካላችሁ ተክሉን ከሌሎቹ አርቃችሁ በአበባ ማሰሮ ትከሉት፣ በመረብ ሸፍኑት፣ ከዚያ ጠብቁ።

ስለ ገንዘብም ማንሳት አለብኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ጥፋት የሚመጣው ከዚያ ነው። ስኖውድሮፕ ነጭ ላይ አረንጓዴ ምልክት ያላት አበባ ናት። አረንጓዴው ምልክት አልፎ አልፎ ቢጫ ይሆናል። በስኮትላንድ ፐርዝሻየር ጫካማ አትክልት ስፍራ ውስጥ የተገኘች እንዲህ ያለች ቢጫ፣ በ2012 አንዷ ሥር ብቻ በኢንተርኔት ጨረታ 725 ፓውንድ ተሸጠች። በ2022 ደግሞ ሌላ ቢጫ 1,850 ፓውንድ አወጣች። ይህን የሰማ ሰው ጫካ ገብቶ የተለየውን ሁሉ መቆፈር ቢያምረው አይደንቅም። ብሪታንያ ውስጥ ባለመሬቱ ሳይፈቅድ የዱር ተክል ከነሥሩ መንቀል በ1981 በወጣ ሕግ የተከለከለ ነው፤ ብሉቤልን ከዱር ነቅሎ መሸጥ ደግሞ ከ1998 ጀምሮ ለብቻው ታግዷል። ሕጉ ባይኖርም ሒሳቡ አያዋጣም። ትሪሊየም ከዘር ተነስቶ አበባ እስኪያወጣ 7 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ከጫካ የተነቀለ ተክል ብዙ ጊዜ ይሞታል። ከሞተ ያ ቀለም ከምድር ላይ ጠፋ ማለት ሊሆን ይችላል።

በራሳችሁ አትክልት ውስጥ የወጣ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ኃላፊነቱ የእናንተ ነው። ዓይን ያለው አትክልተኛ ምን እንደሚያደርግ ታሪክ ይነግረናል። ዊልያም ሮቢንሰን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኦክስፎርድ የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ ፈዛዛ ሰማያዊ አኔሞኔ አስተዋለ፤ ዛሬም በስሙ ትጠራለች፣ በየአትክልቱ አለች። ሳንጉዊናሪያ የምትባለው ነጭ የጫካ አበባም ድርብ የሆነችዋ በ1916 በኦሃዮ ዴይተን አቅራቢያ ተገኘች። ዘር የሚሰጡት ክፍሎቿ ሁሉ ወደ አበባ ቅጠልነት ስለተቀየሩ ዘር አትሰጥም። እንግዲህ ዛሬ በየቦታው የምናያት ሥሯን በመክፈል ብቻ ከእጅ ወደ እጅ የተሻገረች ናት። አንድ ሰው አስተውሎ ስላካፈለ።

ስለዚህ እንግዳ ቀለም ስታዩ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ቦታው ላይ የማይበሰብስ ምልክት ትከሉ። የጫካ አበቦች ብዙዎቹ በበጋ ከመሬት በላይ ይጠፋሉ፤ ምልክት ከሌለ "እዚህ ጋ ነበረች" ማለት ብቻ ነው የሚተርፋችሁ። ከዚያ ፎቶ አንሱ፣ በጥላ ቦታ፣ ነጭ ወረቀት አጠገቡ አድርጋችሁ፣ ከተለመደው አበባ ጎን ለጎን። ካሜራ ሰማያዊን ወደ ሐምራዊ የማዞር ልማድ ስላለው ያለ ማነጻጸሪያ ፎቶው አይታመንም። እምቡጡንም፣ ግንዱንም፣ የአበባ ዱቄቱንም አንሱ። እንደገና ሲፈነዳ ያንኑ ድገሙ። ቢያንስ ሁለት ወቅት አንድ ዓይነት ካልሆነ አትክፈሉት፣ ለማንም አትስጡት። ሲከፈል ደግሞ ግማሹን እዚያው ተዉት፣ ግማሹን ለሚታመን ሰው ስጡ፤ አንዱ ጋ ቢሞት ሌላው ጋ ይተርፋል።

ከዘር ማባዛት ለሚፈልግ ጀማሪ ነጭ ዲጂታሊስን እመክራለሁ፣ ውጤቱ ቶሎ ስለሚታይ። መርዛማ ስለሆነ ጓንት አድርጉ፣ ልጆችና እንስሳት ከሚደርሱበት አርቁት። ከነጩ ዘር ለቅማችሁ በመሬቱ ላይ በትኑት፣ አፈር አታልብሱት፣ ዘሩ ብርሃን ይፈልጋል። በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ብቻ ነው የሚያወጣው፣ አበባው በሁለተኛው ዓመት ነው። ንብ ከጎረቤት ሐምራዊ ዱቄት አምጥታ ከሆነ ከችግኞቹ መካከል ሐምራዊ ይኖራል። ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት እዚህ ጋ ነው የሚጠቅመው። ችግኙ እጅ ሲሞላ የቅጠሉን እግር ከሥር ገልጣችሁ እዩት። ሐምራዊ ጥላ ካለበት አብዛኛውን ጊዜ ሐምራዊ ያብባል፣ ነቅላችሁ ራቅ ያለ ቦታ ትከሉት። ጥርት ያለ አረንጓዴ ከሆነ ተዉት። አንዲት ሐምራዊ ካመለጠቻችሁ ደግሞ አበባው ከታች ወደ ላይ ስለሚፈነዳ፣ የመጀመሪያዋ ታችኛዋ እንደተከፈተች ንብ ሳይደርስባት ግንዱን ቁረጡት።